አፄ ዘርዐ ያዕቆብና የሱባ ጥድ

አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሃይማኖቱ ነው። (አንዳንዱማ ከፈላስፋው ጋር ያምታታቸዋል፤ እሱ ሌላ ሰው ነው።) እኔ ግን የማወራው ስለ ዛፋቸው ነው።

ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት በግሸን አምባ ተግዘው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1434 ነገሡ፤ በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ፤ በ1450 ደግሞ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበት ክርክር እልባት አገኘ።

ወደ ዛፉ ልምጣ። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ ንጉሡ የወጨጫ ተራራ መራቆቱን አይተው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት። የዛሬው መናገሻ ሱባ ደን መነሻው ይኸው ነው ይባላል። የሐበሻ ጥድ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ አይደርስም። በእኛ በሉማሜ አካባቢ ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ በጥቂት ዓመት ቆርጦ ይሸጠዋል፤ የልጁን ደብተርና ልብስ ይገዛበታል፣ ማን ይፈርድበታል? ጥድ የሚተክል ግን ለልጅ ልጁ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ትልልቅ ጥድ የምናየው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሆነው።

ንጉሡ ሰማዩንም ያዩ ነበር። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ነው። ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ይህ ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ይመለሳል፤ መጨረሻ የመጣው በ1986 ነው፣ ቀጣዩ በ2061።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ከተወገሩ ከቀናት በኋላ ነው፤ ንጉሡም ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ተረጎሙት። በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በግርፋት ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰውን ከከተማ እያወጣ ወፍና ዛፍ ሲያሳይ ኖሯል፤ ሱባም ለእንዲህ ያለ ጉዞ የታወቀ ቦታ ነው። የእኛም ዲፓርትመንት ተማሪዎች አንድ ቀን ሱባ ቢወጡና አስረጂ ሁን ብባል፣ የተከሉትን ብቻ ተናግሬ አላልፍም። ከጥዱ ሥር ቁጭ ብለን ስለተወገሩትም እናወራለን። ደኑን ያየ ሰው ንጉሡን ቢያመሰግን አልቃወምም፤ ግን ሁለቱንም ሰምቶ ያመስግን።

አፄው በ1468 ዐረፉ። አስከሬናቸው ዛሬ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል።