ሩዶልፍ ዲዝል፤ ነዳጅ እንዳይባክን የደከመው መሐንዲስ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ተሳቢውን እየጐተተ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን ከባድ ካሚዮን ከአንባቢዎቻችን መካከል ያላየ አይኖርም። ሹፌሩ ማደያ ገብቶ የሚያስቀዳውን ነዳጅ እኛ ናፍጣ እንለዋለን። በብዙ አገር ግን ይኸው ነዳጅ የሚጠራው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ዲዝል ይሉታል። ስሙን የሚያነሣው ብዙ ነው፤ ሰውየውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሰውየውም በበኩሉ ሞተሩ በየአገሩ መንገድ ላይ ጭነት ሲጐትት ለማየት አልታደለም። ስለዚህ ዛሬ የሩዶልፍ ዲዝልን ታሪክ ልናወሳ አስበናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዲዝል በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ጀርመኖች ሲሆኑ፥ አባቱ መጽሐፍ በመጠረዝና የቆዳ ዕቃ በመሥራት ይተዳደር ነበር። በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ጀርመኖች ከፓሪስ እንዲወጡ ስለ ተገደዱ ቤተ ሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያም ኑሮ ስለ ከበዳቸው የ12 ዓመቱን ልጅ ጀርመን አገር አውግስቡርግ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ላኩት። ያስጠጋው ዘመድ የሒሳብ መምህር ነበርና ልጁ ከመልካም እጅ ወደቀ። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቍረጡን ለወላጆቹ ጽፎ አስታወቀ። በትምህርቱ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ሄዶ፥ የሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባው በነጻ የትምህርት ዕድል ነው። የመጨረሻውን ፈተና ታይፎይድ ስላመለጠው አንድ ጊዜ ዘገየ፤ በ1880 ዓ.ም. ግን በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው በዚሁ በሙኒክ የሰማው አንድ ትምህርት ነው። መምህሩ፥ የማቀዝቀዣ መኪና በመሥራት ስሙ የታወቀው ካርል ሊንደ፥ የእንፋሎት መኪና ከሚበላው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ እንደማይሞላ ለተማሪዎቹ አስረዳ። የቀረው በጭስና በእንፋሎት ሆኖ ይባክናል። የዚያ ዘመን ፋብሪካ፥ ባቡርና መርከብ የሚንቀሳቀሰው በዚህ መኪና ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ትምህርቱን ለፈተና ያህል ያዙት፤ ዲዝል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ያን የሚባክነውን ሙቀት ማዳን ሆነ።

ከዚህ በኋላ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ተቀጥሮ በፓሪስ ብዙ ዓመት ሠራ። በትርፍ ጊዜው በአሞንያ የሚንቀሳቀስ ሞተር ሲሞክር መኪናው ፈንድቶ ብርቱ ጕዳት አደረሰበት። እርሱ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ መንገዱን ብቻ ለወጠ።

አዲሱ ሐሳብ ለመረዳት አያስቸግርም። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚግል ያውቃል። አየር በተጨመቀ ቍጥር ይሞቃልና። ዲዝል በሲሊንደር ውስጥ አየሩን እጅግ አድርጎ ቢጨምቁትና በዚያው ግለት ላይ ነዳጅ ቢረጩበት፥ ያለ ክብሪትና ያለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ራሱ እንዲቀጣጠል ዐሰበ። ጭመቃው በበረታ መጠን ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ይበዛል። ለዚህም ሐሳብ የፈጠራ መብት በ1893 ዓ.ም. ተሰጠው፤ በዚያው ዓመትም ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። የአውግስቡርግ መኪና ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ወጪውን ሊችሉለት ተስማሙ።

በወረቀት ላይ የተጻፈው በብረት ላይ ሲሠራ ግን አራት ዓመት ፈጀ። በነሐሴ 1893 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተበታተነ። በየካቲት 1894 ዓ.ም. ሞተሩ በራሱ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ዞረ። አንድ ደቂቃ ብቻ! ዲዝል ግን ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው። በየካቲት 1897 ዓ.ም. አንድ የሙኒክ ፕሮፌሰር በይፋ መርምሮ፥ ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ የሚሆነውን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ አረጋገጠ። በዘመኑ የዚህን ያህል የሚቆጥብ መኪና አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ጐረፈ። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የአሜሪካ ቢራ ጠማቂ ለአገሩ መብቱን በአንድ ሚልዮን ማርክ ገዛ። ነገር ግን ሀብቱ ከሥራው ጋራ እኩል አልሄደም። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች በገዢዎች እጅ ይበላሹ ጀመር፤ ስለ ፈጠራ መብቱም ክርክር ተነሣ፤ እርሱ ራሱ ከድካም ብዛት ታሞ በሐኪም ቤት ተኛ። በእኛ ግምት ብርቱ መሐንዲስ፥ ደካማ ነጋዴ ነበር። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ሲጀምር ተስፋ ያደረገው አናጢውና ሸማኔው ትንሽ ርካሽ ሞተር አግኝተው ከትልቁ ፋብሪካ ጋራ እንዲወዳደሩ ነበር። ሞተሩ ግን ከባድና ውድ ሆኖ ወደ ፋብሪካና ወደ መርከብ ሄደ።

በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ ኤግዚቢሽን ከሞተሮቹ አንዱ በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ሐሳቡ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የሚበቅለው ዘይት ለነዳጅ እንዲውል ከፈለገው ከፈረንሳይ መንግሥት የመጣ ነው። ዲዝል በ1912 ዓ.ም. ይህንኑ አስታውሶ፥ የአትክልት ዘይት አንድ ቀን እንደ ፔትሮልና እንደ ከሰል ሊቈጠር እንደሚችል ተናግሮአል።

በመስከረም 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ማታ ከአንትወርፐን ወደ እንግሊዝ አገር በሚሻገር ድሬስደን በተባለ መርከብ ተሳፈረ። እራቱን በልቶ፥ ጧት እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ሲነጋ አልጋው እንደ ተነጠፈ ተገኘ፤ እርሱ ግን የለም። ከዐሥር ቀን በኋላ አንድ የሆላንድ መርከብ በባሕር ላይ ሬሳ አግኝቶ፥ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች አወጣ፤ ልጁ ኦይገን የአባቱ መሆናቸውን ለይቶ አወቀ። በዕዳ ተይዞ እንደ ነበረ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። አገዳደሉን በሚመለከት ብዙ ወሬ ተወርቶአል፤ እኛ ግን በዕዳ የተጨነቀ ሰው ራሱን ወደ ባሕር ጣለ የሚለው ለእውነት ይቀርባል እንላለን።

ካሚዮኑስ? በዲዝል ዘመን ነዳጁ ወደ ሲሊንደር የሚገባው በታመቀ አየር እየተነፋ ስለ ነበረ፥ ለዚያ የሚያስፈልገው መጭመቂያ ሞተሩን ከመኪና በላይ ያከብደው ነበር። መጭመቂያውን ያስቀሩት ሌሎች ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የቤንዝ ፋብሪካ፥ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ያው የቀድሞው የአውግስቡርግ ፋብሪካ፥ ማን በሚል ስም፥ የዲዝል ሞተር ያላቸው የጭነት መኪናዎች ሠሩ። በ1927 ዓ.ም. ቦሽ ነዳጅ የሚረጨውን ፓምፕ በብዛት ማውጣት ሲጀምር መንገዱ ተከፈተ።

የዛሬው ከባድ ካሚዮን ሞተር ከነዳጁ ከመቶ 45 እጅ ያህል ወደ ሥራ ይለውጣል። ዲዝል ቢያየው ደስ በተሰኘ ነበር። ነገር ግን ጢሱን እርሱ አላሰበበትም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.6 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅትም የሞተሩ ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 ዓ.ም. አስታውቆአል። ስለዚህ መሐንዲሶች ጥላሸቱን በማጣሪያ ይይዛሉ፤ የናይትሮጅኑን መርዝ ዩሪያ በሚባለው ፈሳሽ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጣሉ፤ የካሚዮኑን ፊት ነፋስ እንዳይገፋው ያለሰልሳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሞተሩን ትተው ወደ ባትሪ ሄደዋል። ብክነቱም በሲሊንደር ውስጥ ብቻ አይደለም። በኤውሮፓ ኅብረት አገሮች ካሚዮኖች ከሚጓዙት ኪሎ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚሄዱት ባዶአቸውን ነው፤ ይህን ለመቀነስ ጭነትና መኪናን በኮምፒውተርና በሳተላይት የሚያገናኙ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። የእኛም ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴው ራሱም በመንገዱ ሁሉ ናፍጣ ይጠጣል።

በ1897 ዓ.ም. የተመረመረው ሞተር ዛሬ በሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ቆሞአል። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ሲሆን ጉልበቱ 20 ፈረስ ገደማ ነበር። ሲያዩት ካሚዮን ላይ የሚጫን ዕቃ እንጂ ካሚዮን የሚነዳ ሞተር አይመስልም።