ራሔል ካርሰንና ዝም ያሉት ወፎች

ለኪዳን ጸሎት ማልዶ የተነሣ ሰው ገና ቅጽሩን ሳይሳለም ከሩቅ የሚሰማው የወፎችን ድምፅ ነው። በጽዱ፣ በወይራውና በዝግባው ላይ ሰፍረው ከካህናቱ ቀድመው ይጀምራሉ። አንድ ቀን ደወሉ ተደውሎ ወፎቹ ግን ዝም ቢሉ ምን ይሰማን ይሆን? ምናልባት ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፍ ነበር። በአሜሪካ አገር ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ አስተውለው በመዝገብ የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱን መዝገብ ሰብስባ ለዓለም ያሰማችው ደግሞ ራሔል ካርሰን የተባለች ሴት ናት። ውድ አንባብያን፣ የዚህችን ሴት ታሪክ ባጭሩ ላቅርብላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ። ስሟንም ፈረንጆች ሬቸል ይሉታል፤ ያው የያዕቆብ ሚስት የራሔል ስም ነው።

ራሔል የተወለደችው በግንቦት 27 ቀን 1907 ዓ.ም. ሲሆን ቦታው በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር ስፕሪንግዴል የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። እናቷ ማሪያ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ልጅ ነበረች። ይህች እናት የመጨረሻ ልጇን እያስከተለች በሜዳውና በጫካው ትዞር፣ የወፎቹንና የነፍሳቱን ስም ታስተምራት ነበር። ልጅቱም ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት የጻፈችው ታሪክ ለልጆች በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ ወጣላት። በእንዲህ ዓይነት ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ የሚያፍሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህንን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

ቤተሰቡ ድኻ ነበር። ለኮሌጅ ክፍያ እናቲቱ ፒያኖ ከማስተማር ሌላ የቤቱን የሸክላ ሳሕኖች እስከ መሸጥ ደርሳለች። ራሔል ኮሌጅ የገባችው ጸሐፊ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን ሜሪ ስኪንከር የተባለችው የባዮሎጂ መምህርት ስታስተምር ሰምታ ሐሳቧን ለወጠች። በ1929 ተመረቀች፤ በ1932 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች። ለዶክተርነት ለመቀጠል ብትፈልግም አልሆነላትም። በ1935 አባቷ ሞተ፤ በ1937 ደግሞ እኅቷ ሁለት ሴቶች ልጆች ትታ ሞተች። እናቷንና የእኅቷን ልጆች የማሳደር ሸክም በዚህች ላጤ ሴት ትከሻ ላይ ወደቀ። በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ለሬዲዮ ስለ ባሕር እንስሳት አጫጭር ጽሑፎች በማዘጋጀት ጀመረች፤ በኋላም በዚያው በዓሣና በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የኅትመቶች ዋና አዘጋጅ ሆነች። ማታ ማታ የራሷን ትጽፍ ነበር። በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው ሁለተኛ መጽሐፏ እጅግ ስለ ተሸጠ በሚቀጥለው ዓመት ሥራዋን ለቅቃ በብዕሯ ብቻ ለመኖር ቻለች።

አሁን ወደ ወፎቹ ልመለስ። ዲዲቲ የሚባለው ተባይ ማጥፊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅማልንና የወባ ትንኝን አጥፍቶ ብዙ ሕይወት አድኗል። ኃይሉን ያገኘው ስዊሳዊ ፓውል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን መድኃኒቱ ለገበሬውም፣ ለከተማውም፣ ለጫካውም ሆነ፤ በአይሮፕላን ከላይ እየተነዛ እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር። በራሔል መሥሪያ ቤት ያሉ ባልደረቦች ፓታክሰንት በተባለው የምርምር ጣቢያ ዲዲቲ በወፎችና በዓሦች ላይ የሚያደርሰውን ይመረምሩ ነበር። ራሔልም በ1945 ስለዚሁ ልጻፍ ብላ ለአንድ ታላቅ መጽሔት ጥያቄ አቀረበች፤ መጽሔቱ አልተቀበላትም። ነገሩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ቆየ።

በ1958 መጀመሪያ ላይ በማሳቹሴትስ የምትኖር አንዲት ወዳጇ ደብዳቤ ላከችላት። ይህች ሴት የወፎች መጠለያ የሆነ የግል መሬት ነበራት። ባለፈው በጋ ለትንኝ ማጥፊያ አይሮፕላን መድኃኒት ረጭቶበት ካለፈ በኋላ ወፎቿ በየውሃ መጠጫቸው ዙሪያ ሞተው መገኘታቸውን ጽፋለች። ራሔል በመጀመሪያ ሌላ ሰው እንዲጽፍበት ፈለገች። የሚጽፍ ሲታጣ ራሷ ተነሣች። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህች ሴት ትልቅነት የሚታየው ከዚህ በኋላ ባለው አራት ዓመት ነው።

ራሔል ራሷ ጫካ ገብታ ወፍ የቆጠረች ተመራማሪ አልነበረችም። የሠራችው ሌላ ነገር ነው፤ በየስፍራው ለብቻቸው የሚቆጥሩ ሰዎች የጻፉትን አንድ በአንድ አሰባሰበች፣ ጻፈችላቸው፣ ጠየቀቻቸው፣ የአንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር አስተያየች። ከእነዚህ ቆጣሪዎች ጥቂቶቹን ማንሣት ይገባል።

አንደኛው በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆርጅ ዋላስ ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤልም የሚባሉት ዛፎች በጥንዚዛ በሚተላለፍ በሽታ ስለ ተያዙ ከ1954 ጀምሮ ዲዲቲ ይረጭባቸው ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ተማሪው ሮቢን ስለሚባለው ደረተ ቀይ ወፍ ለዲግሪው ጥናት ጀምሮ ነበርና መቁጠሩ ከርጭቱ ጋር ገጠመ። በሚቀጥለው ፀደይ ወፎቹ እየተንቀጠቀጡ ሲወድቁ ታዩ። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ የተጣበቀበት ቅጠል በመከር ይረግፋል፣ የመሬት ትል ቅጠሉን ይበላል፣ መርዙ በትሉ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ክረምቱ አልፎ የተመለሰው ሮቢን ትሉን ይለቅማል። ዐሥራ አንድ ትልልቅ ትሎች አንዱን ወፍ ለመግደል እንደሚበቁ በኢሊኖይ የተደረገ ምርመራ አሳየ። ሮቢን ደግሞ ይህንን ያህል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይውጣል። በ1958 ፀደይ ዋላስ በዋናው ግቢ ቢፈልግ ቢፈልግ አንድም የሮቢን ጫጩት አላገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌ በካሊፎርኒያ ያለው ክሊር ሌክ የተባለው ሐይቅ ነው። በዚያ የነበረው ትንኝ ሰው የሚነክስ እንኳ አልነበረም፤ ዓሣ አጥማጆችንና የመዝናኛ ሰዎችን ስላሰለቸ ብቻ የዲዲቲ ዘመድ የሆነ መድኃኒት በ1949 በውሃው ተጨመረ፤ ልኩም ለ70 ሚሊዮን እጅ ውሃ አንድ እጅ ብቻ ነበር። በ1954 ወደ 50 ሚሊዮን እጅ አንድ ከፍ ተደረገ፤ በ1957ም ተደገመ። በሐይቁ ላይ ግሪብ የሚባሉ፣ ዓሣ የሚመገቡና ጎጆአቸውን በውሃ ላይ የሚሠሩ ያማሩ ወፎች ይኖሩ ነበር። መሞት ሲጀምሩ አንዱ ስባቸውን ቢመረምር ከሚሊዮን 1600 እጅ መርዝ አገኘበት። በውሃው ላይ ተንሳፍፈው በሚኖሩት ረቂቃን ዘንድ ግን 5 እጅ ያህል ብቻ ነበር። ረቂቁን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ትልቅ ዓሣ፣ ትልቁን ወፍ እየበላው መርዙ በየደረጃው ተጠራቅሞ ወጣ። ከ1000 በላይ የነበሩት ጥንዶች በ1960 ወደ 30 ወረዱ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የቻርልስ ብሮሊ ነገር ነው። ይህ ሰው ሳይንቲስት አይደለም፤ ካናዳ ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ከ1939 ጀምሮ ክረምቱን ፍሎሪዳ እየወረደ፣ የገመድ መሰላል በረጃጅም ዛፎች ላይ እየሰቀለ፣ በራሰ ነጩ ንስር ጎጆ ውስጥ ባሉ ጫጩቶች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስር ነበር። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከ1000 በላይ ጫጩቶች አሰረ። ከ1947 ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎጆው አለ፣ ወላጆቹም አሉ፣ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም፤ ወይም ጨርሶ እንቁላል የለም። ቀድሞ በዓመት 150 ያህል ጫጩት ያስር የነበረው ሰው በ1958 መቶ ማይል የባሕር ዳርቻ ተጉዞ አንዲት ጫጩት ብቻ አሰረ። ሽማግሌው በየዓመቱ ባይመለስ ኖሮ፣ ንስሮቹ ሲበርሩ ያየ ሁሉ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይሄድ ነበር። ንስር ረጅም ዕድሜ አለው፤ ወላጆቹ እየታዩ ዘሩ ሲቋረጥ ማን ያውቃል?

በፓታክሰንት የሚሠራው ጄምስ ደዊትም በድርጭት ዓይነት ወፎች ላይ ሞክሮ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። መርዙን በጥቂቱ የበሉት ወፎች አይሞቱም፤ እንቁላልም ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ የራሔል ቤት ሰላም አልነበረም። በ1957 ካሳደገቻቸው የእኅቷ ልጆች አንዷ ሞታ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ትታ ስለ ነበር፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ራሔል እናት ሆና ልጁን ተረከበች። በ1958 መጨረሻ እናቷ ዐረፈች። በ1960 ደግሞ ራሔል በጡት ነቀርሳ ታማ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሐኪሙም የበሽታውን እውነተኛ ስም ደብቋት ቆይቶ ያወቀችው ከወራት በኋላ ነው። በጨረር ሕክምናና በሌላም በሽታ እየተሰቃየች፣ አንዳንዴ ዓይኗ ማንበብ እያቃተው ጽሑፉን ቀጠለች። ሕመሟን ከቅርብ ወዳጆቿ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ነቀርሳ ስለ ያዛት ነው መድኃኒቶቹን የምትጠላው እንዳይሏት ሰግታ ነበር።

መጽሐፉ በመስከረም 1962 የዝምታ ፀደይ በሚል ትርጉም ስም ወጣ። ፀደይ በእነርሱ አገር ብርዱ አልፎ ወፎች ከደቡብ የሚመለሱበት ወራት ነው፤ እንደ እኛ መስከረም ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ሲወጣ የኬሚካል ፋብሪካዎች ተነሡባት። ሳይንቲስት አይደለችም ተባለ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ስለ መጪው ትውልድ ምን አገባት ተባለ፣ የጠላት አገር መሣሪያ ናት ተባለ። እርሷ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ የማስረጃዎቿን ዝርዝር በ55 ገጽ አስቀምጣ ነበርና መልሱን ለማንበብ ለፈለገ ሁሉ ዝግጁ ነበር። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎች ጉባኤ በግንቦት 1963 ባወጣው ዘገባ በዋናው ነገር ደገፋት። በሚቀጥለው ወር የራሷን ፀጉር በሰው ሠራሽ ፀጉር ተክታ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች። በሚያዝያ 14 ቀን 1964 በ56 ዓመቷ ዐረፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ ለሕሊናዬ አይመችም። ያ ደብዳቤ በተጻፈበት በ1958 ዓመት በአገራችን ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ከዚያ በኋላ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በየጎጆው ግድግዳ ዲዲቲ ይረጭ ጀመር፤ ይህም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጥሎ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ታዲያ ራሔል በእኛ ሕፃናት ላይ ወፎችን አስበለጠች የሚሏት አሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። መድኃኒት ሁሉ ይቅር አላለችም፤ ያለ ልክና ያለ ዕውቀት በሜዳና በውሃ ላይ አይነዛ ነው ያለችው። ከዚህም በላይ ትንኙ መድኃኒቱን እየለመደ እንደሚሄድ አስጠንቅቃ ነበር፤ በእኛም አገር ዲዲቲ የቀረበት አንዱ ምክንያት ትንኙ ስለ ለመደው ነው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ውልም ዲዲቲን ለእርሻ ከልክሎ ለወባ መከላከያ እንዲውል ፈቅዷል። ቢሆንም በወባ ልጁ የሞተበት ገበሬና ወፍ ቆጣሪው ቢገናኙ ንግግራቸው ቀላል ይሆናል ብዬ አላስብም።

ራሔል በሕይወት ሳለች ያልተፈታ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ እንቁላሉ ለምን አይፈለፈልም የሚለው። በ1967 ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዎች ለጌጥና ለክምችት በየዘመኑ ያስቀመጧቸውን የጭልፊት እንቁላሎች እየመዘነ ከአዲሶቹ ጋር አስተያየ። ከ1947 ገደማ ጀምሮ ቅርፊቱ ሳስቷል። ዲዲቲ በወፊቱ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የቅርፊቱን ካልሲየም ስለሚያሳጣ፣ እናቲቱ ልትታቀፍ ስትቀመጥ እንቁላሏን ራሷ ትሰብረዋለች። የብሮሊ ንስሮች ጎጆ ባዶ የሆነው በዚህ ነበር።

አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ለእርሻ ከለከለች። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር ለራሔል ከሞተች በኋላ የነጻነት ሜዳሊያ ሰጧት፤ የተቀበለላትም ያ በአምስት ዓመቱ የተረከበችው ልጅ ነው። ራሰ ነጩ ንስር ከአላስካ በስተቀር በ1963 ከ500 ጥንድ በታች ቀርቶ ነበር። በ2007 ከ9,700 ጥንድ በላይ ተቆጥሮ በሰኔ ወር ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ወጣ። ፍሎሪዳ ውስጥም ቆጣሪዎች በየዓመቱ የንስር ጎጆዎችን እየዞሩ ያያሉ።