ከፈረስ ስም እስከ ፎቶግራፍ፦ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የግሬቪ የሜዳ አህያ

የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከጦርነት፣ ከግዛት ማስፋፋትና ከውጭ ግንኙነት አንጻር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንኑ ሕይወት በሌላ መስመር ይከተላል፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረስ ወገን እንስሳትና ከፎቶግራፍ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ነው። መነሻው አንድ የታወቀ ክስተት ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የላኩት የሜዳ አህያ በሳይንስ ዘንድ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፤ ስሙም ዛሬ የዓለም ሁሉ መጠሪያ ነው። ጽሑፉ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ስጦታ ስለ እንስሳው ምን አሳወቀ፣ ምንስ ሳያሳውቅ ቀረ፣ ያን ጉድለትስ ዛሬ በጥብቅ ሥፍራዎች የሚነሣ ፎቶግራፍ እንዴት ሊሞላው ይችላል የሚል ነው።

ልደት፣ ግዞትና የፈረስ ስም

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮትና ከወይዘሮ እጅጋየሁ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱና ሸዋ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ስትወድቅ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ወደ ቴዎድሮስ ግቢ ተወስደው አደጉ፤ በኋላም በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን የበላይነት ተቀብለው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸደቀላቸው።

በዚያ ዘመን አንድ የጦር አለቃ በተጸውዖ ስሙ ብቻ አይታወቅም፤ «አባ» በሚል ቃል የሚጀምር የፈረስ ስም ይኖረዋል። የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መቻል ይባል ነበር። ፈረስ መጓጓዣና የጦር ኃይል ከመሆኑም በላይ የባለቤቱ ክብር ምልክት ነበረ፤ ሎሌውና አዝማሪው ጌታውን የሚያወድሱትም በፈረሱ ስም ነው። የተገራው ፈረስ በፖለቲካው ባህል ውስጥ ይህን ያህል ከፍ ያለ ቦታ ሲኖረው፣ በቆላው ሜዳ የሚሰማራው ያልተገራ ዘመዱ ግን በአማርኛ «የሜዳ አህያ» ተብሎ ከአህያ ወገን ተመደበ። የሳይንሱ መጠሪያ በላቲን «ፈረስ» ከሚለው ቃል ይነሣል፤ የጥንት ሮማውያንም ይህን መሰል እንስሳ በፈረስና በነብር ስም አጣምረው ይጠሩት ነበር።

የጉራጌ ምድርና የጊቤ መንገድ

የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው ዛሬ ወልቂጤና ቡታጅራ በሚገኙበት አካባቢ በኩል ነው። በ1860ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሶዶ ክስታኔ ጉራጌ አብዛኛውን በስምምነት ገባ። የሰባት ቤት ጉራጌና የቀቤና ምድር ግን ለዓመታት ተዋጋ፤ በሐሰን እንጃሞ መሪነት የተካሄደው ተጋድሎ በራስ ጎበና የተሰበረው በ1881 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ፣ በ1874 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፣ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል በማድረጋቸው የጊቤ ማዶ አገር ለሸዋ ክፍት ሆነ።

የዚህ ዘመቻ ሁለት ገጽታ በአንድ ሰው ሕይወት ጎልቶ ይታያል። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከጉራጌ ጋር በሚዋሰነው የጨቦ ምድር ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ግቢ የገቡ ናቸው። ያው ምርኮኛ ልጅ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆነ፤ በብልሃቱም አባ መላ ተባለ። እንግዲህ ከደቡብ ወደ ሸዋ ግቢ በሚያመራው መንገድ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ከብትና ፈረስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመጣ ነበር። ወደ አውሮፓ የተላከውን የሜዳ አህያ ስንመለከት ይህን መንገድ መርሳት አይገባም፤ እንስሳው በንጉሥ ስም ከመሰጠቱ በፊት በስም በማይታወቁ ሰዎች እጅ ተይዟል፣ ተመግቧል፣ ረጅም መንገድ ተነድቷል።

ወደ ፓሪስ የተላከው ስጦታ

ሸዋ በዚያን ጊዜ የባሕር በር አልነበራትም። ከአንኮበር የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ምኒልክም ለጦር መሣሪያና ለባለሙያ ሲሉ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መወዳጀትን አጥብቀው ይሹ ነበር። ለፈረንሳይ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ የሜዳ አህያ መላካቸው የዚህ ጥረት አካል ነው። እንስሳው ፓሪስ በሚገኘው የዕፀዋት አትክልት ሥፍራ የእንስሳት ማኖሪያ ተቀመጠ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ኤሚል ኡስታሌ እንስሳውን መርምሮ እስከዚያ ጊዜ በሳይንስ ከተገለጹት የሜዳ አህዮች የተለየ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ኤኩዩስ ግሬቪ የሚል ስም ሰጠው።

የልዩነቱ ምልክቶች ግልጽ ናቸው። ሽንትሮቹ ቀጫጭንና የተቀራረቡ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጆሮዎቹ ትላልቅና ክብ ናቸው። በዱር ከሚኖሩት የፈረስ ወገኖች ሁሉ በአካል ትልቁ እሱ ሲሆን፣ ክብደቱ እስከ 450 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በኑሮውም ይለያል፤ ወንዱ ውኃና ሣር ያለበትን ግዛት ይዞ ይጠብቃል፣ ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ከግዛት ወደ ግዛት ይዘዋወራሉ እንጂ እንደ ሌሎቹ የሜዳ አህዮች ጸንቶ የሚቆይ ቤተሰብ አይመሠርቱም።

ስሙ የተቀባዩን እንጂ የሰጪውን ወይም የተወለደበትን አገር አላስታወሰም። ከስሙ ይልቅ ለተመራማሪ የሚከብደው ግን የመረጃው ጉድለት ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሙዚየም የሚገቡ ናሙናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት በሰፊው የአገር ስም ነው፤ ወንዙና ሜዳው፣ የመንጋው ብዛት፣ የተያዘበት ወር አብረው አይመዘገቡም። ስጦታ የእንስሳውን አካል ያሳያል፤ የእንስሳውን ኑሮ ግን ከኋላው ትቶት ይሄዳል። ምኒልክ ይህን ዓይነቱን ስጦታ በኋላም ደግመውታል። በ1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ከተፈረመ በኋላ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የላኩት ወንድ የሜዳ አህያ፣ ከፈረስና ከአህያ ጋር እየተዳቀለ ለሥራ የሚሆን ከብት ይወለድ እንደሆነ ለመፈተን በመንግሥት የእርባታ ጣቢያ ዋለ።

ክፉ ቀን

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ አገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ በመጥፋቱ እርሻ ቆመ፣ ረኃብም ተከተለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቱ አርአያ መሆናቸው በታሪክ ይነገራል። በሽታው የሚያጠቃው ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን በመሆኑ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና የሜዳ አህያ ከእሱ ተርፈዋል። የአንድ ዘመን መቅሠፍት ዝርያን ከዝርያ እንደሚለይ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በቀጣዩ መቶ ዓመት የሜዳ አህያን ያመነመነው ምክንያት ሌላ ነበርና።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በተገኘበት ዘመቻ የጉራጌ ፈረሰኞችና እግረኞች ተሰልፈዋል። ከድሉ በኋላ የምኒልክ ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ገነነ፤ መልካቸውን ለማየት የሚሻውም በዛ።

ካሜራ በቤተ መንግሥት

የልቼ ስምምነት በተፈረመበት በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ አሥራ ሁለት ካሜራዎችን በመደዳ አቁሞ የሚጋልብን ፈረስ አንሥቶ ነበር፤ አራቱም እግሮች በአንድ ቅጽበት ከመሬት እንደሚነሡ በዚህ ታወቀ። ፎቶግራፍ ዓይን የማይለየውን እንደሚመሰክር ካረጋገጡት ሥራዎች አንዱ በፈረስ ላይ የተሠራው ይህ ነው።

በምኒልክ ግቢ ግን ካሜራ መጀመሪያ የዋለው ለሰው ነው። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የግቢውንና የአገሩን ኑሮ በፎቶግራፍ አስቀርቷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱት። በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳን ይዘው ወጡ። ምኒልክ መልካቸው በወረቀትና በብር እየተባዛ ርቆ መሄዱ ለመንግሥታቸው ያለውን ጥቅም በሚገባ ተረድተውት ነበር።

የዱር እንስሳን በመኖሪያው ማንሣት ግን በዚያን ጊዜ እጅግ አዳጋች ነበር። መሣሪያው ከባድ፣ የመስታወቱ ሰሌዳ ተሰባሪ፣ እንስሳውም የሚሸሽ ነው። ጀርመናዊው ካርል ጌዮርግ ሺሊንግስ በምሥራቅ አፍሪካ የዱር አራዊትን በሌሊት በብልጭታ ብርሃን እያነሣ መጽሐፉን ያሳተመው በ1905 እ.ኤ.አ.፣ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ስለዚህ በንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሄዱ፤ የሰው መልክ በፎቶግራፍ ሲቀር፣ የዱር እንስሳው በአካሉ ይላክ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1901 ዓ.ም. ገደማ አደንን፣ በተለይም የዝሆን አደንን፣ የሚመለከት ደንብ ወጣ። በዘመናቸው የተበራከተው ጠመንጃና የጥርስ ንግድ ዝሆንን ከብዙ ሥፍራ እያጠፋ ስለነበር፣ ደንቡ የራሱ የአገዛዙ እድገት ላስከተለው ጉዳት የተሰጠ ምላሽ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ስለጸናባቸው ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በቆመላቸው ሐውልትም በፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። የጣልያን ወራሪዎች ሐውልቱን አውርደውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ዐፄው በሕዝብ ትውስታ የቀሩት እንደ አባ ዳኘው፣ ከተገራው ፈረስ ጋር ነው።

ከስጦታ ወደ ምስል

የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. 15,000 ያህል ይገመት የነበረው ቁጥሩ ወደ 3,000 አካባቢ ወርዷል፤ የሚበዛውም በኬንያ ይገኛል። በኢትዮጵያ በአፋር ክልል ሃላይደጌ ሜዳና በደቡብ በጨው ባሕርና በሳሪቴ አካባቢ ጥቂቱ ቀርቷል። ለቆዳው ሲባል መታደኑ፣ ከቤት እንስሳት ጋር በሣርና በውኃ መሻማቱ፣ የመኖሪያ ሜዳው መጥበቡ ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለባቸው በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ የሚታዩት የዱር ፈረሶች ናቸው፤ እነርሱ ከቤት ፈረስ ተወልደው ወደ ዱር የተመለሱ ሲሆኑ፣ የሜዳ አህያ ግን ከጥንቱም ያልተገራ ነው።

የእያንዳንዱ የሜዳ አህያ ሽንትር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከሌላው የተለየ ነው። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና ሌሎች ፈቃደኞች ለሁለት ቀን ተሰማርተው ቦታንና ሰዓትን በሚመዘግቡ ካሜራዎች የእንስሳቱን ቀኝ ጎን አነሡ፤ ምስሎቹ በኮምፒዩተር ተለይተው ቁጥሩ ተሰላ። አንድ ጎን ብቻ የሚመረጠው የግራና የቀኝ ሽንትር ስለማይመሳሰል፣ ሁለቱ ቢቀላቀሉ አንዱ እንስሳ ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ስለሚችል ነው። ይህ አሠራር እንስሳውን ሳይዙ፣ ሳያደነዝዙና ምልክት ሳያስሩ ማንነቱን፣ ሥፍራውንና ቀኑን አንድ ላይ ይሰጣል። ከ130 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በስጦታው ውስጥ የጎደለውም ይኸው ነበር።

ለጉራጌ ዞን ተመራማሪዎች ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ የሜዳ አህያ መኖሪያ ባይሆንም፣ በቆላ መልክዓ ምድር ካሜራን እንደ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን፣ ርቀትንና የብርሃንን አቅጣጫ መምረጥን፣ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ሥፍራና ሰዓት መያዝን ለመለማመድ ይመቻል። በዚያ የሠለጠነ ተማሪ ሃላይደጌ ወይም ሳሪቴ ቢሰማራ ሥራው ፍሬ ይኖረዋል። በተጨማሪም የሚያነሣውን እንስሳ ከሚያውቁት አርብቶ አደሮች ጋር ስማቸውን መዝግቦ ሊሠራ ይገባል፤ የምኒልክን ስጦታ የያዙትና የነዱት ሰዎች ከታሪክ የጠፉት ስማቸውን የጻፈላቸው ባለመኖሩ ነውና።

የዐፄ ምኒልክ ስጦታ ኢትዮጵያ የዚህ ዝርያ አገር መሆኗን ለዓለም ሳይንስ አስታወቀ፤ ይህ በራሱ ከፍ ያለ ድርሻ ነው። በአገሩ መኖሩ የሚረጋገጠው ግን በፓሪስ መዝገብ ሳይሆን በሜዳው ላይ፣ ዓመት በዓመት በሚነሣና በሚቆጠር ምስል ነው። ቆጠራው በቶሎ ካልተጀመረ፣ የኢትዮጵያ የግሬቪ የሜዳ አህያ እንደ መጀመሪያው ስጦታ ሁሉ በሌላ አገር ስብስብ ውስጥ ብቻ የሚታይ እንስሳ ሆኖ የሚቀርበት ቀን ሩቅ አይሆንም።