ከጠባሳው ሥር ሕያው ቆዳን የፈለጉት ሐኪም፡ አርቺባልድ ማኪንዶ

በአውሮፓውያኑ 1940 የበጋ ወራት የብሪታኒያና የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ላይ ይፋለሙ ነበር። የተመታ አውሮፕላን ነዳጁ ሲቀጣጠል፣ እሳቱ የአብራሪውን ፊትና እጅ ለመብላት ጥቂት ሰከንዶች ይበቁት ነበር።

ከእሳቱ ከተረፉት ወጣቶች ብዙዎቹ የተወሰዱት ከለንደን በስተደቡብ ወደምትገኘው ኢስት ግሪንስቴድ ነው። በከተማዋ በሚገኘው የኩዊን ቪክቶሪያ ሆስፒታል የሚጠብቋቸው ሐኪም አርቺባልድ ማኪንዶ ነበሩ።

ማኪንዶ በ1900 በኒውዚላንድ፣ ደኒደን ከተማ ተወለዱ። በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ካጠኑ በኋላ ወደ አሜሪካው ማዮ ክሊኒክ አቀኑ። በዚያም ሥራቸው የጀመረው ከቀዶ ሕክምና ሳይሆን ከፓቶሎጂ ነበር። በበሽታ የተጎዳ ጉበትን ሕብረ ሕዋስ እየመረመሩ፣ ሕያው የሆነውን ከሞተው የመለየት ጥበብን ቀሰሙ።

በ1930 ወደ ለንደን ተሻገሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮችን ፊት መልሰው በመሥራት ስማቸው የገነነው ዘመዳቸው ሃሮልድ ጊሊስም ወደ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና መሯቸው። በ1938 የብሪታኒያ አየር ኃይል አማካሪ ሐኪም ሆኑ።

የቁስሉ ጥልቀት

በቃጠሎ ሕክምና የመጀመሪያው ጥያቄ ቁስሉ ምን ያህል ሰፋ የሚል ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል ጠለቀ የሚል ጭምር ነው። እሳቱ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነክቶ ከሆነ፣ በውስጠኛው ቆዳ የሚገኙት የጸጉርና የላብ ዕጢ ሥሮች አዲስ ቆዳ ያበቅላሉ። እነዚህ ሥሮች ከሞቱ ግን ቁስሉ በራሱ አይድንም። የሞተው ተቆርጦ፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ ሊተከልበት ይገባል።

በወቅቱ የተለመደው ሕክምና ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ የሚደብቅ ነበር። ቁስሉ ላይ የሚቀባው ታኒክ አሲድ፣ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት ንጥረ ነገር ነው። ቁስሉን እንደ ቅርፊት ጠንካራ በሆነ ሽፋን ይጋርደዋል። ከሽፋኑ ሥር ያለው ይዳን ወይም ይመርቅዝ ለማየት አይቻልም፤ ጣቶችም ተኮማትረው ይቀራሉ፤ የዐይን ቆብም ይሸበሸባል።

ማኪንዶ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ባሕር ላይ የወደቁት አብራሪዎች ቁስላቸው በተሻለ ይድን ነበር። ስለዚህም ታኒክ አሲዱን ትተው ሕሙማኑን ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጥቡ ጀመር። ቁስሉ ሲጸዳ ጥልቀቱ ተገለጠ፤ የት መቁረጥ፣ የት መትከል፣ የት መታገሥ እንደሚገባም መለየት ተቻለ። ዐይን ያለ ቆብ ስለሚታወር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሠራው የዐይን ቆብ ነበር።

ከቀዶ ሕክምና ባሻገር

አንድን ፊት መልሶ መሥራት ዓመታትና በርካታ ቀዶ ሕክምናዎችን ይጠይቃል። ማኪንዶ ሕሙማኑ በእነዚያ ዓመታት ተስፋ እንዳይቆርጡ የሆስፒታል ልብስ ትተው የአየር ኃይል መለዮአቸውን እንዲለብሱ ፈቀዱ። የከተማዋ ነዋሪዎችም በራቸውን ከፍተው እንዲቀበሏቸው፣ ፊታቸውንም አፍጥጠው እንዳያዩ ለመኑ።

በ1941 ሕሙማኑ ራሳቸው የጊኒ ፒግ ክለብን መሠረቱ። የመሞከሪያ እንስሳን ስም ለራሳቸው የሰጡት በገዛ ዕጣቸው ለመቀለድ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ አባላቱ 649 ደርሰው ነበር።

የኪሊማንጃሮው እርሻ

ማኪንዶ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የሰር ማዕረግ ተሰጣቸው። ምሥራቅ አፍሪካንም ወደዱ፤ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ እርሻ ነበራቸው። በ1957 ከሁለት ደቀ መዛሙርታቸው፣ ከቀዶ ሐኪሞቹ ማይክል ዉድና ቶም ሪስ ጋር በመሆን ለሩቅ መንደሮች በአውሮፕላን ሕክምና የሚያደርስ አገልግሎት መሠረቱ። ይህ አገልግሎት ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱን በናይሮቢ አድርጎ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገራት የሚሠራው አምሬፍ ነው።

ማኪንዶ በ1960 በ59 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ። አመዳቸው በአየር ኃይሉ ቤተ ክርስቲያን አርፏል።

ዛሬም የቃጠሎን ጥልቀት በዐይን ብቻ መገመት ልምድ ያለውን ሐኪም እንኳ ያሳስታል። ከቁስሉ ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር የሞተው ቆዳ የት እንደሚያበቃ ያሳያል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለተወሰደበት ነጥብ ብቻ ነው። ከቢላዋው በፊት ሕያውን ከሙት መለየት አሁንም የቃጠሎ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ነው።