የወንጀል ምርመራን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት ምሁር

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ የትምህርት ክፍል ለማቋቋም ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሣው የሕንጻና የመሣሪያ ጉዳይ ነው። የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ መርምሮ ለዳኛ የማቅረብ ሙያ፣ ማለትም ፎረንሲክ ሳይንስ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ታሪክ ግን ከመሣሪያው ይልቅ መምህሩ፣ ከመምህሩም ይልቅ ተተኪው እንደሚበልጥ ያስረዳል። ይህንንም ታሪክ ከፕሮፌሰር ሮዶልፍ አርቺባልድ ራይስ ሕይወት ነጥሎ ማውሳት አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራይስ በጁላይ 8 ቀን 1875 በደቡብ ጀርመን በባደን ግዛት ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግረው በሌማን ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው በሎዛን ከተማ ኬሚስትሪ አጠኑ፤ ገና በ22 ዓመታቸውም የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1901 የስዊዘርላንድ ዜግነት አገኙ።

ከኬሚስትሪ ባልተናነሰ ልባቸውን የሳበው ፎቶግራፍ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ራሱ የኬሚስትሪ ሥራ ስለነበረ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ለፍትሕ ታላቅ ጥቅም አስገኙ። ራይስ ዐይን በቀላሉ የማትለየውን የተፋቀ ጽሑፍ፣ የደበዘዘ የደም ምልክትና የጣት አሻራ በፎቶግራፍ አጉልተው ለማሳየት ቻሉ። ወንጀለኞችን በአካል ልኬት የመለየትን ዘዴ ያቋቋሙትን የአልፎንስ ቤርቲዮንን አሠራርም ፓሪስ ድረስ ሄደው ቀሰሙ። በ1903 ፎቶግራፍ ለፍትሕ ስለሚሰጠው አገልግሎት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1906 የሎዛን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማቸው።

በ1909 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ ሳይንስ ተቋምን መሠረቱ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በዓለም የመጀመሪያው የፎረንሲክ ትምህርት ቤት ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። የፓሪሱ የቤርቲዮን ክፍልም ሆነ ኤድሞን ሎካር በ1910 በሊዮን ያቋቋሙት ላቦራቶሪ የፖሊስ አካል ነበሩ። የሎዛኑ ግን የዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ልዩነቱም የስም ብቻ አልነበረም። በፖሊስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሙያው ከነባር ሠራተኛ ወደ አዲሱ በልምድ ይተላለፋል። በዩኒቨርሲቲ ግን ሥርዓተ ትምህርት፣ ፈተናና ዲፕሎማ ያስፈልገዋል፤ ዘዴውም በጽሑፍ ሰፍሮ ሌላ ባለሙያ ሊመረምረውና ሊነቅፈው ይችላል።

ችግሩ መምህር ከወዴት ይምጣ የሚለው ነበር። ሙያው በትምህርት ቤት ተሰጥቶ ስለማያውቅ፣ በዲፕሎማ የተመሰከረለት መምህር ሊገኝ አይችልም ነበር። ራይስ ራሳቸው መምህር፣ ኬሚስት፣ ፎቶግራፍ አንሺና የፍርድ ቤት ባለሙያ ሆነው ሠሩ። ስለ ስርቆትና ስለ ነፍስ ግድያ ምርመራ የሚያትተውን የመምሪያ መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል በ1911 አወጡ። ዝናቸው ከስዊዘርላንድ አልፎ ከሩሲያ ሳይቀር ሠልጣኞች መጡላቸው፤ በ1913 ደግሞ ሊያስተምሩ ወደ ብራዚል ተጓዙ።

ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ በነበረበት ሰዓት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1914 የሰርቢያ መንግሥት የአውስትሪያና ሀንጋሪ ሠራዊት በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የፈጸመውን ግፍ እንዲመረምሩ ጠራቸው። ራይስ በክፍል ውስጥ ያስተማሩትን ዘዴ ወደ መንደሮቹ ወሰዱት፤ የጥፋቱን ስፍራ ፎቶግራፍ አነሡ፣ የምስክሮችንና የምርኮኞችን ቃል መዘገቡ፣ ጥይቶችን መረመሩ። ከዚያ በኋላ ግን ሰርቢያን እንደ አገራቸው ያዟት። ከሠራዊቷ ጋር ተጓዙ፤ በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይም ከልዑካኗ ጋር ተገኙ።

እዚህ ላይ ለሙያችን የማይቀር ጥያቄ ይነሣል። ማስረጃ መርማሪው የአንዱ ወገን ወዳጅ ሲሆን ቃሉ ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የራይስም መልካም ስም ብቻውን መልስ አይሆነውም። መልስ ሊሆን የሚችለው ሌላ ሰው ተመልሶ ሊመረምረው የሚችል ፎቶግራፍ፣ ልኬትና መዝገብ ትተው መሄዳቸው ነው። በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትም ይህንኑ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ራይስ ሎዛንን ለቀው ኑሮአቸውን በቤልግሬድ አደረጉ። መሥራቹ ሲሄዱ ተቋሙ ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ተማሪያቸው የነበሩት ማርክ ቢሾፍ ሥራውን ተረክበው እስከ 1963 ድረስ መሩት። አንድ ሰው የጀመረው ክፍል ከሰውየው ዕድሜ የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ራይስ በኦገስት 1929 በ54 ዓመታቸው በቤልግሬድ ዐረፉ። ልባቸው የሰርቢያ ሠራዊት በ1916 ብርቱ ውጊያ ወዳካሄደበት ወደ ካይማክቻላን ተራራ ተወስዶ በዚያ ተቀመጠ። የመሠረቱት ተቋም ግን በሎዛን ቀረ፤ በ2009 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር እርሳቸው ያነሷቸው የወንጀል ስፍራ ፎቶግራፎች ለሕዝብ ታይተዋል።

በማናቸውም አገር እንዲህ ያለ ክፍል ለማቋቋም የሚነሡ የሙያ ባልደረቦች ከዚህ ሕይወት የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። ላቦራቶሪው ከመሟላቱ በፊት መምህሩ ይፈለግ፤ መምህሩም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ወንበሩን የሚረከበውን ሰው ያዘጋጅ። የክፍሉ መምህራን በዝውውር፣ በጡረታ ወይም በሌላ ጥሪ መለየታቸው አይቀርም፤ ዳኛው ግን ነገም ማስረጃውን የሚያስረዳው ባለሙያ ይፈልጋል።