ምክር ሲጋጭ ማንን እንስማ? ከዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ሕይወት

ስለ ምግብ የሚሰጥ ምክር የበዛበት ዘመን ላይ ነን። አንዱ እንቁላል ገንቢ ነው ሲል ሌላው የልብ ጠላት ያደርገዋል። ቅባት ተዉ የሚል ምክር በሰማን ማግስት ቅባት ብሉ፣ ስኳር ተዉ የሚል ይመጣል። በዲላና በአካባቢዋ በምንሠራ ሐኪሞች ዘንድ ደግሞ ጥያቄው የአገሩን ምግብ ይዞ ይመጣል። ቆጮ ለሕፃን ይሆናል ወይስ አይሆንም? አቮካዶ ያወፍራል ወይስ ይጠቅማል? ያረገዘች እናት ጡት ብታጠባ ልጇን ትጎዳለች? የዱቄት ወተት ከእናት ጡት ይበልጣል?

ምክሩ ሲምታታ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ የመጨረሻውን ምክር ይከተላል፣ ወይ ሁሉንም ይተዋል። በትልቅ ሰው ላይ ይህ ቶሎ ጉዳት ላያሳይ ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን የተሳሳተ ምክር በሳምንታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የሕይወት ዘመናቸውን በሙሉ በተቃራኒ የምግብ ምክሮች መካከል የሠሩ አንዲት ሐኪም ታሪክ እናካፍላችኋለን። ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ይባላሉ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጃማይካ እስከ ጎልድ ኮስት

ሲስሊ ዊሊያምስ በ1893 በጃማይካ ተወለዱ። አባታቸው በደሴቷ የትምህርት ሥራ ኃላፊ ነበሩ። በ13 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ከዚያም ቤተሰባቸውን ለመርዳት ወደ ጃማይካ በመመለሳቸው የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ዘገየ። አባታቸው ካረፉ በኋላ በ23 ዓመታቸው ኦክስፎርድ ገብተው ሕክምና ማጥናት ጀመሩ። ወቅቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ወንዶቹ ወደ ጦር ግንባር በመሄዳቸው ለሴቶች በሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት በር ተከፍቶ ነበር።

በ1923 ሐኪም ሆኑ። ጦርነቱ አልቆ ወንዶቹ ተመልሰው ስለነበር ለሴት ሐኪም ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ አንድ ነገር ተገነዘቡ። የልጅን ሕመም ለመረዳት ልጁ የሚኖርበትን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። በቤቱ ምን ይበላል? ማን ያበላዋል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ይህ ጥያቄ እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ አልተለያቸውም።

በ1929 የብሪታንያ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ወደ ጎልድ ኮስት፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጋና ላካቸው። የተቀጠሩት በሴት ሐኪምነት መደብ ሲሆን ደመወዛቸው ከወንዶቹ ያነሰ ነበር።

ስም የነበረው፣ ሐኪሞች ያላወቁት በሽታ

በዚያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ሕመም አዩ። የልጁ እግርና እጅ ያብጣል፤ ቆዳው ይጠቁርና ይላጣል፤ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ልጁ ይነጫነጫል፣ መብላትም ያስጠላዋል። ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። እብጠቱ ውፍረት ስለሚመስል ልጁ በምግብ ተጎድቷል ብሎ ለመጠርጠር ያስቸግራል።

ዶክተር ሲስሊ መልሱን ከመጻሕፍት ብቻ አልፈለጉም። የአገሬውን ሴቶች ጠየቁ። በጋ ቋንቋ ሕመሙ ክዋሺኦርኮር የሚባል ስም ነበረው። ትርጉሙም አዲስ ሕፃን ሲመጣ ከቦታው የተነሣው ልጅ የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው። የበሽታው መነሻ በስሙ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እናት ስታረግዝ ወይም ስትወልድ ታላቁ ልጅ ጡት ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚበላው ከበቆሎ የተሠራ ገንፎ ብቻ ይሆናል። ሆዱ ይሞላል፤ ለሰውነቱ ግንባታ የሚያስፈልገው ግን ይጎድላል።

ዶክተር ሲስሊ የሞቱትን ልጆች አስከሬን ራሳቸው መርምረው ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ አገኙ። በሕይወት ያሉት ወተት ሲሰጣቸው ብዙዎቹ እንደሚያገግሙም አዩ። ግኝታቸውን በ1933 አሳተሙ፤ በ1935 ደግሞ ክዋሺኦርኮር የሚለውን ስም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም አስተዋወቁ።

ነገር ግን በዘመኑ የታወቁ ሐኪም የነበሩት ሂዩ ስታነስ አዲስ ነገር የለም ሲሉ ተከራከሩ። በእሳቸው አመለካከት በሽታው በቫይታሚን እጥረት የሚመጣው ፔላግራ ነበር። ዶክተር ሲስሊ ሁለቱ እንደሚለያዩ በማስረጃ አስረዱ። እንዲያም ሆኖ የታዋቂው ሰው ቃል ሚዛን ስለደፋ የእሳቸው ግኝት ተቀባይነት እስኪያገኝ ዓመታት ፈጁ። ምክር ሰጪው ታዋቂ መሆኑ ብቻውን ምክሩን ትክክል እንደማያደርገው ከዚህ እንረዳለን።

ወተት ያዳነበትና ወተት የገደለበት

በ1936 ዶክተር ሲስሊ ወደ ማላያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ማሌዥያ ተዛወሩ። በዚያ ያጋጠማቸው ችግር ሌላ ነበር። የነርስ ልብስ የለበሱ ሴት ሻጮች በቅርብ ለወለዱ እናቶች ስኳር የበዛበት የቆርቆሮ ወተት ከእናት ጡት ይሻላል እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። እናቶች አምነው ጡት ማጥባት ሲተዉ የራሳቸው ወተት ይደርቃል። የቆርቆሮው ወተት ውድ በመሆኑ በውኃ ይቀጥኑታል። ውኃውም ጡጦውም ንጹሕ አይሆንም። ሕፃናቱ በተቅማጥና በምግብ እጥረት ይሞቱ ነበር።

በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ ለአገሩ ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። የንግግራቸው ርዕስ ወተትና ግድያ የሚል ነበር። እናቶችን እያሳሳቱ ሕፃናትን ለሞት የሚዳርጉ ሰዎች ድርጊታቸው እንደ ግድያ ሊቆጠር ይገባል ብለው በግልጽ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በአፍሪካ ወተት ስጡ ያሉት ሐኪም በእስያ ወተት አትስጡ አሉ። ሁለቱን ምክሮች በጋዜጣ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሐኪሞች ዛሬ ያሉትን ነገ ይሽሩታል ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዶክተር ሲስሊ አልተጋጩም። በጎልድ ኮስት ወተቱ የተተካው በበቆሎ ገንፎ ፈንታ ነበር፤ ተቀባዩም ጡት የጣለ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ነው። በማላያ ግን የቆርቆሮው ወተት የተተካው በእናት ጡት ፈንታ ሲሆን ተቀባዩ አራስ ሕፃን ነበር። ስለዚህ ምግቡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለማን፣ በምን ምትክ ብሎ መጠየቅ ያሻል።

በእስር ቤት የታየ ማስረጃ

በ1942 ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ ዶክተር ሲስሊ ታሰሩ። በቻንጊ እስር ቤት የሴቶቹ ካምፕ ተጠሪ ሆነው አገለገሉ። የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ ወስዶ ለወራት አሠቃያቸው። በምግብ እጥረት ምክንያት ቤሪቤሪ የሚባለው የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ያዛቸው፤ በሽታውም እግራቸው ላይ የመደንዘዝ ጉዳት ትቶባቸው አለፈ። በዚያ ረኃብ መካከል በካምፑ 20 ሕፃናት ተወለዱ። ሃያዎቹም ጡት ጠቡ፤ ሃያዎቹም በሕይወት ተረፉ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ በአዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና ክፍል የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ተወለዱባት ጃማይካ ሄደው ልጆችን የሚገድል የማስመለስ በሽታ አጠኑ። በሽታው አኪ ከተባለው የአገሩ ፍራፍሬ ጋር የተያያዘ ነበር። አኪ በደንብ ሲበስል የጃማይካ ሕዝብ የሚወደው ምግብ ነው፤ ያልበሰለው ግን መርዝ ነው። በኋላም በቤይሩት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ በብዙ አገሮች እየተዘዋወሩ ሠሩ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ ሲያጸድቅ በሕይወት ነበሩ። በ1992 በ98 ዓመታቸው ኦክስፎርድ ውስጥ ዐረፉ።

ሳይንስም ሲያርም

ክዋሺኦርኮር ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ዓለም ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሕፃናት ረኃብ ሁሉ የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው ተባለ። በአገራችንም በስዊድን ድጋፍ የሥነ ምግብ ተቋም የተመሠረተውና ፋፋ ዱቄት የተዘጋጀው በዚያ ዘመን ነው። ፋፋ እህልና ጥራጥሬ አደባልቆ በመያዙ ብዙ ልጆችን ጠቅሟል። በ1974 ግን ዶናልድ ማክላረን የተባሉ ሐኪም በፕሮቲን ላይ ብቻ ማተኮሩ ስሕተት እንደነበር ተከራከሩ፤ ብዙ ልጆች የሚጎድላቸው በጠቅላላው በቂ ምግብ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ በሆስፒታል በጠና የተጎዳ ልጅ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ወተት ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። የተዳከመው ሰውነት ብዙ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ አይችልምና።

ይህ ሳይንስ አይታመንም ማለት አይደለም። በማስረጃ ራሱን ማረም መቻሉ ነው የሚያስታምነው። ከዶክተር ሲስሊ ግኝት ውስጥ ጡት የጣለ ልጅ በአንድ ዓይነት ገንፎ ብቻ አያድግም የሚለው ዋና ነጥብ ዛሬም እንደጸና ነው።

ለጌዴኦ ቤት ምን ማለት ነው?

ቆጮና ቡላ ጥሩ የኃይል ምንጭ ናቸው። እንሰት ድርቅን ስለሚቋቋም ለዘመናት የጌዴኦን ሕዝብ ከረኃብ ጠብቋል። ነገር ግን በ100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ2 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ቆጮ ለልጅ መጥፎ ነው የሚለውም፣ ቆጮ ብቻውን ይበቃል የሚለውም ትክክል አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ የልጁ ቆጮ ወይም የቡላ ገንፎ ከቦሎቄ ወይም ከሌላ ጥራጥሬ፣ ከደቀቀ ጎመን፣ ከአቮካዶ፣ ሲገኝም ከእንቁላልና ከወተት ጋር ይቅረብ። በዲላ ገበያ ሞልቶ የሚገኘው አቮካዶ ሆዱ ትንሽ ለሆነ ልጅ በጥቂት መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣል። ክብደት መቀነስ ያለበት አዋቂ ደግሞ መጠኑን ማየት አለበት። ሁለቱም ምክሮች ልክ ናቸው፤ የተነገሩት ግን ለተለያዩ ሰዎች ነው።

ጡትን በሚመለከት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ያረገዘች እናት ወተት ልጅ አይመርዝም። ጤናማ እናት በእርግዝናዋም ማጥባት ትችላለች፤ የደም መፍሰስ ወይም ያለጊዜው የመውለድ ታሪክ ካላት ግን ሐኪም ታማክር። የዱቄት ወተት የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ። ያንን የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያ እንጂ ሻጭ መሆን የለበትም።

ልጅዎ አብጦ ከታየዎት ሁለቱንም እግሮቹን ከላይ በኩል በአውራ ጣትዎ ለሦስት ሴኮንድ ጫን አድርገው ይልቀቁ። በሁለቱም እግሮች ላይ ጉድጓዱ ከቀረ ይህ ውፍረት አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቶሎ የደረሰ ልጅ በአብዛኛው ይድናል።

ለሌሎቹ ምክሮች ደግሞ አራት ጥያቄዎችን ይያዙ። ምክሩ ለማን ነው? በምን ምትክ ነው? በምን ያህል መጠንና እንዴት ተዘጋጅቶ? የሚመክረኝ ሰው ከምክሩ ገንዘብ ያገኛል ወይ? ቡናን ለምሳሌ እንውሰድ። ለጤናማ አዋቂ በመጠኑ ቢጠጣ ጉዳት የለውም። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ግን ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት ማዕድን ስለሚቀንስ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ደም ያነሳት ሴት ከምግቧ አንድ ሰዓት ያህል ብታርቀው ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር መጠኑንም ትቀንስ። ለሕፃን ቡና አይሰጥም። ጨውም እንዲሁ ነው። ለደም ግፊት ጨው ቀንሱ፣ ለእንቅርት አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ የሚሉት ምክሮች አይጣሉም። ጨው በጥቂቱ ይግባ፤ የሚገባው ግን አዮዲን ያለው ይሁን።

አዲስ ምክር ስንሰማ እነዚህን አራት ጥያቄዎች እናስቀድም። መልሱ ካልጠራልን በተለይ ስለ ሕፃንና ስለ ነፍሰ ጡር ከሆነ፣ ምግብ ከመቀየራችን በፊት በቅርባችን ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንጠይቅ።