ጠመንጃውን በካሜራ የለወጠው አዳኝ

የዱር እንስሳትን ጥርት ባለ ፎቶግራፍ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ130 ዓመታት በፊት ግን ካሜራው ከባድ፣ ምስል የሚያርፍበት የመስታወት ሰሌዳም ብርሃንን በዝግታ የሚቀበል ነበር፤ እንስሳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ጨለማን ተገን የሚያደርጉ አራዊትማ ፈጽሞ የማይታሰቡ ነበሩ። ይህን እንቅፋት ቀድመው ከተሻገሩት መካከል አሜሪካዊው ጆርጅ ሻይራስ 3ኛ አንዱ ነው።

ሻይራስ በ1859 እ.ኤ.አ. በፔንስልቬንያ ግዛት ተወለደ። አባቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የበቁ ሰው ሲሆኑ፣ እርሱም የሕግ ትምህርት ተምሮ ጠበቃ ሆነ። ልቡ ግን በሚቺጋን ግዛት ማርኬት ከተማ አቅራቢያ ወዳለው ደንና ሐይቅ ያደላ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ አጋዘን አድኗል።

በአካባቢው የኦጂብዌ ሕዝብ የቆየ የአደን ዘዴ ነበረው። አዳኞቹ በታንኳ አፍንጫ ላይ እሳት አንድደው በሌሊት በዝግታ ይቀዝፋሉ፤ በዳርቻው የቆመው አጋዘን በብርሃኑ ተማርኮ ፈዝዞ ሲቀር ይመቱታል። ሻይራስ ይህንኑ ዘዴ ወሰደ፤ በጠመንጃው ቦታ ግን ካሜራ አኖረ። የአጋዘኑ ዓይን በፋኖሱ ብርሃን ሲያበራ የማግኒዥየም ዱቄት ያቀጣጥላል። ብልጭታው ለቅጽበት ብቻ ስለሚቆይ የእንስሳው እንቅስቃሴ ምስሉን አያደበዝዘውም፤ ከጨለማው ውስጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሥራው አደጋ ነበረው፤ ዱቄቱ በድንገት ሲፈነዳ እጅና ዓይን ሊያቃጥል ይችላል።

በዚህ አልቆመም። እንስሳቱ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ክር ዘረጋ፤ አላፊው አውሬ ክሩን ሲነካ ብልጭታው ይበራል፣ ካሜራውም ያነሣል። ሰው ሳይኖር አውሬው ራሱን በራሱ ፎቶ አነሣ ማለት ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች በጫካ ውስጥ የሚተክሏቸው ካሜራዎች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ሥራዎቹ በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ አውደ ርእይ ተሸለሙ። በሐምሌ 1906 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶግራፎቹን በአንድ ጊዜ አወጣ። መጽሔቱ ወደ ሥዕል መድብልነት ወረደ ብለው የተቆጡ ሁለት የማኅበሩ ቦርድ አባላት ኃላፊነታቸውን እስከ መልቀቅ ደረሱ። አንባቢው ግን ወደደው፤ ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ የመጽሔቱ መለያ ሆነ።

ሻይራስ ከ1903 እስከ 1905 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር። በዚያን ዘመን ዳክዬና ሌሎች ተጓዥ ወፎች ለገበያ በብዛት ይታደኑ ነበር። እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ ሕግ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጠበቀችው ወፍ ድንበር ስትሻገር በሌላው ትገደላለች። ወፏ የአንድ ግዛት ንብረት እንዳልሆነች የተገነዘበው ሻይራስ በ1904 ተጓዥ ወፎች በማዕከላዊው መንግሥት እንዲጠበቁ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቁ በጊዜው አልጸደቀም፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1913 ተመሳሳይ ሕግ ወጣ፤ በ1916 ካናዳን በመወከል ከብሪታንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ ውሉን የሚያስፈጽመው የ1918ቱ አዋጅም ዛሬ ድረስ ይሠራል።

በ1928 ሻይራስ 2 ሺህ 400 ያህል የመስታወት ሰሌዳዎቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር አበረከተ። በ1942 በማርኬት በ83 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሙስ ከተባለው ግዙፍ የአጋዘን ወገን አንዱ ንዑስ ዝርያ በስሙ ይጠራ ነበር። ሲገድል የተማረውን የእንስሳትን ጠባይ፣ መንገዳቸውንና የሚወጡበትን ሰዓት፣ እነርሱን ለማቆየት አዋለው። አዳኝ አንድ አጋዘን አንድ ጊዜ ብቻ ይጥላል፤ ሻይራስ ያነሣቸው አጋዘኖች ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በሐይቁ ዳር ቆመው ይታያሉ።